ለሰሜን ሸዋ የሬዲዮ ልጆች

በማህበረሰብ ሬዲዮ መሥራት የጀመራችሁ ወጣቶች ምክር ስትጠይቁኝ አብዛኛውን ጊዜ የምታነሱት ስለ ድምፅ ነው። ድምፄን እንዴት ላሳምር? ማይክ ፊት እንዴት ልረጋጋ? እሱ በልምምድ ይመጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የአዲስ አበባን ኤፍኤም እንዳለ ገልብጣችሁ ሰሜን ሸዋ ላይ እንዳትደግሙት እሰጋለሁ። ጥድፊያ የበዛበት ንግግር፣ የአውሮፓ እግር ኳስ፣ የታዋቂ ሰዎች ወሬ። ይህን የሚፈልግ ሰው ሌላ ጣቢያ ላይ ያገኘዋል፤ ስልኩም ላይ ሞልቷል። ዛሬ ሌሊት ውርጭ ባቄላውን ሊመታበት እንደሚችል በሰዓቱ፣ በሰፈሩ ስም ጠርቶ የሚነግረው ግን እናንተ ካልሆናችሁ ማን ነው?

በ1999 የወጣውና በ2013 በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 የተተካው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 የማህበረሰብ ሬዲዮን ከሕዝብና ከንግድ ጣቢያ ለይቶ አስቀምጦት ነበር። ለትርፍ አይሠራም፤ ባለቤቱም ማህበረሰቡ ነው። ይህን እንደ ወረቀት ጉዳይ አትዩት። ፕሮግራም ስታወጡ መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ ከዚህ ይነሳል፦ በዚህ ሰዓት ማን ነው የሚሰማን? ምን እየሠራ?

አካባቢያችን አንድ ዓይነት አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማ በርን አልፋችሁ ደብረ ሲናን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር አካባቢ ናችሁ፤ ጋቢው ይወልቃል። ላይኛው ገብስና ባቄላ ያመርታል፣ በግ ያረባል። ታችኛው ስለ ማሾና ሽንኩርት ያስባል። የምንጃር ሰው ደግሞ ጤፍ። ስለዚህ «ለአርሶ አደሮቻችን» የሚል አንድ ጥቅል ፕሮግራም ለማንም አይሆንም። የኤፍኤም ሞገድንም ተራራ ይጋርደዋል። ጣቢያችሁ የት ድረስ እንደሚሰማ ካርታ ላይ አትገምቱ፤ ሬዲዮ ይዛችሁ ሂዱና ስሙ። ብዙ ሰው በተራ ሞባይል ነው የሚያዳምጠው። የጆሮ ማዳመጫው ገመድ አንቴና ሆኖ እንደሚያገለግል የማያውቅ አለና ደጋግማችሁ ንገሩት።

ሙዚቃን ክፍተት መሙያ አታድርጉት። የአካባቢውን ማሲንቆ ተጫዋች፣ የእረኛውን ዋሽንት፣ የሠርግና የአውድማ ዘፈኑን ሄዳችሁ ቅረጹ። ቀረጻው ላይ የተጫዋቹና የቦታው ስም፣ ቀኑም ይቀመጥ። አስፈቅዱት፣ ክፈሉት። በ1996 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ከያኒውንም ይጠብቃል፤ የገጠር ሰው ነው ተብሎ መብቱ አይቀርም። ጊዜውንም እወቁ። በሁዳዴ በገና የሚጠብቅ ቤት አለ፤ በረመዳን ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ አርጎባ መንደሮች መንዙማ የሚጠብቅ ቤት አለ። ሁለቱም የእናንተ አድማጮች ናቸው።

አሁን ወደ ቃለ መጠይቁ ልምጣ። ጣቢያን ጣቢያ የሚያደርገው እዚህ ላይ ያለው ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ባለሥልጣን ስትጋብዙ በአክብሮት ጋብዙ፤ ጥያቄውን ግን አታለሳልሱ። «ትኩረት ተሰጥቶታል»፣ «በሂደት ላይ ነው»፣ «በቅርቡ ይጠናቀቃል» የሚሉ መልሶች ይመጣሉ። በዚያ አትለፉት። «በቅርቡ ሲሉ ከመስቀል በፊት ነው ከመስቀል በኋላ?» በሉ። መልሱን ጻፉት። ቀኑ ሲደርስ እዚያው ሰዓት ላይ መልሳችሁ ደውሉ፤ ባያነሳም መደወላችሁን ለአድማጭ ንገሩ። አንድ የቧንቧ ውኃ ጥያቄን እስኪመለስ ድረስ የተከታተለ አዘጋጅ፣ ሃያ ጉዳይ ነካ ነካ አድርጎ ከተወው ይበልጣል።

ሽማግሌ ስትጠይቁ ደግሞ አታቋርጡ። የመንዝና የተጉለት አባት ከቁም ነገሩ በፊት ዘመድ ይጠራል፣ ዘመን ያነሳል፣ ተረት ጣል ያደርጋል። የሚነግራችሁ ነገር ያለው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ውስጥ ነው። ዝም ሲል ቶሎ ሌላ ጥያቄ አትወርውሩ፤ ከዝምታው በኋላ የሚመጣውን ጠብቁ። ሴቶችን ለማነጋገር ወደ ስቱዲዮ ከመጥራት ወደ ወፍጮ ቤትና ወደ ገበያ መሄድ ይሻላል። ባል አጠገብ ቆሞ ሴት የልቧን አትናገርም።

የተፈናቀሉ ሰዎች ጉዳይ ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። አጣዬ በ2013 በእሳት ከወደመች ወዲህ አካባቢያችን ብዙ ሐዘን አይቷል፤ ደብረ ብርሃንም ብዙ ተፈናቃይ አስጠግታለች። ልጇን ያጣች እናት «ምን ተሰማዎት?» ተብላ አትጠየቅም። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ዛሬ የሚያስፈልጋትን ጠይቋት፤ መናገር ከፈለገች እሷ ትጀምራለች። ስሟንና ያረፈችበትን ቦታ አየር ላይ ከማዋላችሁ በፊት፣ ነገ ምን ሊያመጣባት እንደሚችል ቁጭ ብላችሁ አስቡ።

በወቅታዊ ጉዳይ ላይ ትልቁ ፈተናችሁ ወሬ ነው። «መንገድ ተዘጋ» የምትል አንዲት የቴሌግራም መልእክት ገበያ ትበትናለች፣ ነፍሰ ጡር ከሐኪም ቤት ታስቀራለች። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን፣ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ለብዙ ሰው የእንጀራ መንገድ ነው። ስለዚህ ከሁለቱም ጫፍ አረጋግጡ፤ ከመናኸሪያ ተራ አስከባሪ፣ ከዚያ ከመጣ ሾፌር። ስታወሩም ማን እንደነገራችሁና በስንት ሰዓት እንደሆነ ጨምሩ። ካላረጋገጣችሁ አታውሩት፤ ሌላው ጣቢያ ቀደመን ብላችሁም አትቸኩሉ። ስህተት ከወጣ እርምቱ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ድምፅ ይነበብ። በሌሊት ፕሮግራም ውስጥ የተቀበረ እርምት ጠዋት የሰማውን ሰው አይደርሰውም።

በመጨረሻ ስለ ደብተር። ስቱዲዮ ውስጥ አንድ የጋራ ደብተር ይኑራችሁ። ለአድማጭ የገባችሁት ቃል፣ መልሳችሁ የምትደውሉለት ኃላፊ፣ ያልተመለሰ ጥያቄ ሁሉ እዚያ ይጻፍ። የማህበረሰብ ሬዲዮ ሠራተኛ ይቀያየራል፤ አንዱ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ ሌላው የተሻለ ደሞዝ ያገኛል። የምትለቁ ከሆነ ደብተሩን ለሚተካችሁ ልጅ ገጽ በገጽ አስረዱትና ሂዱ።