ቤቱ ስልክ ላይ ቢያምርም የእጅ ባትሪ ይዘሽ ሂጂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ከሥራ ስመለስ ነው ያየሁት። ሜሪላንድ ውስጥ የመጀመሪያ ቤትሽን ልትገዢ ነው። ሁሉ ነገር ስልክ ላይ ስላለ ኤጀንት (የቤት ደላላ) ያስፈልግ እንደሆነ፣ የቤት መፈለጊያው አፕ ላይ ያለው ዋጋ ይታመን እንደሆነ፣ ሳይሄዱ በቪዲዮ ብቻ አይቶ መፈረም ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። ከመለሱልሽ ብዙዎቹ «ዘመኑ አቅልሎታል፣ ዝም ብለሽ ግዢ» ብለውሻል። እኔ ሁለት ቤት ገዝቼ አንድ ሸጫለሁ፤ ታናሽ ወንድሜ ሲገዛም አብሬው ሮጫለሁ። ስለዚህ ትንሽ ላስረዝመው ነው፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢ። ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያውን ታውን ሃውስ ሲልቨር ስፕሪንግ የገዛነው በ2009 ነው። ያኔ ኤጀንታችን ቅዳሜ ቅዳሜ በመኪናው ይዞን ይዞር ነበር። የቤቶቹን ዝርዝር በወረቀት አትሞ ይመጣል፣ ኦፈሩን (በዚህ ዋጋ እንገዛለን የምንልበትን ወረቀት) በፋክስ ይልካል። የክሎዚንግ ቀን፣ ማለትም ግዢው ተፈርሞ በሚያልቅበት ቀን፣ እኔና ባለቤቴ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን እጃችን እስኪዝል ፈረምን። ቤት የሚፈለግበት ዚሎው የሚባለው ድረ ገጽ ከ2006 ጀምሮ ነበር፤ እኛ ግን ኤጀንቱ ያላሳየንን ቤት እንዳለም አንቆጥረውም ነበር።

ሁለተኛው በ2021 ነው። የሠላሳ ዓመት ሞርጌጅ (የቤት ብድር) ወለድ ከ3 በመቶ በታች ወርዶ ሰው ሁሉ ቤት ላይ ተረባርቧል። ሐሙስ የወጣ ቤት እሁድ ማታ የለም። የራሳችንን ስንሸጥ አንድ ልጅ ካሜራውን በየክፍሉ እያቆመ ቀረጸውና ሰው ስልኩ ላይ ሆኖ ከሳሎን ወደ ኩሽና፣ ከኩሽና ወደ ፎቅ ይዞርበት ጀመር። እንዲያው ለማየት ብቻ የሚመጣው ሰው ቀረልን። እኔ በበኩሌ ተመቸኝ። ልጆች ይዞ፣ ቤት እያጸዱ፣ በሰዓቱ ወጥቶ መኪና ውስጥ መቀመጥ ምን እንደሆነ የሸጠ ያውቀዋል።

የገዛነው ላይ ግን ጉዳችን ፈላ። ሮክቪል አካባቢ ያለ ቤት ነው። ፎቶው ላይ ቤዝመንቱ (ምድር ቤቱ) ሰርግ የሚደገስበት ይመስላል፤ ሰፊ የሚያሳይ ሌንስ መሆኑን ያኔ ማን ነገረኝ። ባለቤቴ ለአሥር ደቂቃ ገብቶ አየው፣ እኔ በቪዲዮ። ኦፈሩን የፈረምኩት ሌሊት ፈረቃ ላይ፣ በእረፍት ሰዓቴ፣ በአንድ እጄ ሳንድዊች ይዤ በሌላው አውራ ጣት ነው። ፉክክሩ ስለበረታ ኢንስፔክሽኑንም (ቤቱን በባለሙያ ማስመርመሩን) ተውነው። ጁላይ ላይ ገባን። ሴፕቴምበር 1 ቀን የአይዳ አውሎ ነፋስ ርዝራዥ ዝናብ መጣ። ሮክቪል ውስጥ ሰው የሞተበት ዝናብ ነው። እኛ ቤት ቤዝመንቱ ውስጥ ውሃው ቁርጭምጭሚት ደረሰ።

የሚገርምሽ፣ የፌማን (የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት) የጎርፍ ካርታ ቀድሜ አይቼ ነበር። ነፃ ነው፣ አንቺም እዪው። ቤታችን ከጎርፍ ቀጠና ውጭ ነው ይላል፤ አልዋሸም። ካርታው በአብዛኛው የሚያሳየው ወንዝና ጅረት ሲሞላ ነው። የእኛ ውሃ የመጣው ከራሳችን ጣሪያ ነው። አሸንዳው ውሃውን ግድግዳው ሥር ይደፋል፣ ግቢው ደግሞ ወደ ቤቱ ያዘነብላል፣ ውሃ የሚስበው ፓምፕም መብራት ሲጠፋ ቆመ። መደበኛው የቤት ኢንሹራንስ እንዲህ ያለውን ውሃ አይከፍልም። ኢንስፔክተር ቢገባ በሃያ ደቂቃ ያየው ነበር። እኔም ራሴ ባትሪ ይዤ ወርጄ ቢሆን ከግድግዳው ሥር ውሃ ትቶት የሄደውን ነጭ መስመር አላጣውም ነበር። ሽታውማ ፎቶ ላይ አይወጣም።

ስለዚህ በቪዲዮ ብቻ ስላልሽው፦ ይቻላል፣ ሰው ያደርገዋል። እኔ ግን ቪዲዮን የምጠቀመው ለመጣል ነው። ሃያ ቤት አይተሽ አሥራ ስድስቱን ሶፋሽ ላይ ሆነሽ ጣዪ። የቀሩትን አራት በእግርሽ ሂጂባቸው፤ ከተቻለ ዝናብ በዘነበ ማግስት። አሁን ደግሞ ባዶ ክፍል ውስጥ ሶፋና ምንጣፍ በኮምፒውተር እየተጨመረ ነው ፎቶው የሚወጣው። አንዱ ቤት ያየሁት አልጋ በእውነተኛው ክፍል ውስጥ ቢገባ በሩ አይዘጋም።

ወደ ዋጋው ልምጣ። አፑ ላይ ያለው ግምት ዝም ብሎ ውሸት አይደለም። ግን ዚሎው ራሱ የሚያወጣውን የስህተት መጠን እዪው። ለሽያጭ በወጡ ቤቶች ላይ መካከለኛ ስህተቱ 2 በመቶ አካባቢ ነው። ለሽያጭ ባልወጡት ላይ 7 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። ልዩነቱ ከየት መጣ? ቤቱ ገበያ ሲወጣ ሻጩ የጠየቀውን ዋጋ ስለሚያይ ነዋ። 500 ሺህ ዶላር ቤት ላይ 7 በመቶ ማለት 35 ሺህ ነው፣ የብዙ ሰው ዳውን ፔይመንት (ቅድመ ክፍያ) ማለት ነው። ኩባንያው ራሱ በኮምፒውተር ግምት ቤት እየገዛ የሚሸጥበትን ሥራ እንደሚዘጋ በኖቬምበር 2021 አስታውቋል። ከሚሸጥበት በላይ ዋጋ የገዛቸው ቤቶች በአንድ ሩብ ዓመት ብቻ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሂሳብ ቅናሽ አስመዝግበውበታል። የመረጃ ችግር የሌለበት ድርጅት እንዲህ ከሆነ፣ እኔና አንቺ በዚያ ቁጥር ላይ ተደግፈን ኦፈር መጻፍ የለብንም።

ይልቅ የስቴቱን የንብረት መዝገብ ክፈቺ፤ ኤስዳት የሚባለው ነው፣ ክፍያ የለውም። አድራሻውን ስታስገቢ መጨረሻ በስንት እንደተሸጠ፣ ማን ስም ላይ እንዳለ፣ ለታክስ በስንት እንደተገመተ ታያለሽ። አንድ ወጥመድ ግን አለ። አፑ «ወርሃዊ ክፍያሽ ይህን ያህል ነው» ሲልሽ ብዙ ጊዜ የሚያስበው የአሁኑን ባለቤት ታክስ ይዞ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በቤቱ የሚኖር ባለቤት የታክስ ግምቱ በየዓመቱ በአንዴ እንዳይዘል የሚከላከልለት ቅናሽ አለ። ሃያ ዓመት የኖረ ሰው ትንሽ ይከፍላል። አንቺ ስትገዢ ያ ጥበቃ አብሮሽ አይመጣም፣ በስምሽ እንደገና ማመልከት አለብሽ። ልዩነቱ በወር መቶዎች ሊሆን ይችላል።

ኤጀንትን በተመለከተ፣ ደንቡ ተቀይሯል። ከኦገስት 17 ቀን 2024 ጀምሮ ኤጀንት ቤት ከማሳየቱ በፊት የጽሑፍ ስምምነት ያስፈርምሻል፤ ክፍያውም እዚያ ላይ ይጻፋል። ኦፕን ሃውስ (ቤቱ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ሲታይ) ለመግባት ግን መፈረም አያስፈልግሽም። ክፍያው ድርድር ነው፣ ተደራደሪ። ስምምነቱንም ለስድስት ወር ሳይሆን ለጥቂት ሳምንት ወይም ለአንድ ቤት ብቻ ፈርሚ። አፑ ላይ ያለውን «ኤጀንት አነጋግር» የሚለውን ቁልፍ ስትጫኚ የሚደውልልሽ አብዛኛውን ጊዜ ለማስታወቂያው የከፈለ ሰው ነው፤ ቤቱን ጨርሶ አይቶት ላያውቅ ይችላል። ለመጀመሪያ ቤት ግን ያለ ኤጀንት ግቢ አልልሽም። ወንድሜ ስንት ጊዜ ከስህተት እንደዳነ እኔ ነኝ የማውቀው።

እሱ በ2024 መገባደጃ ሲልቨር ስፕሪንግ ኮንዶ ሲገዛ ሦስት ነገር ገጠመን። መጀመሪያ እቁብ። ደርሶት ባንክ አስገባ። ድሮ ወረቀት ነበር የምንሰጠው፤ አሁን አበዳሪው በአፕ ከባንክ ሂሳብሽ ጋር ይያያዝና የሁለት ወር እንቅስቃሴሽን ራሱ ያነባል። ከወር ገቢሽ ግማሽ በላይ የሆነ ያልተለመደ ገቢ ካየ «ይህ ከየት መጣ?» ይላል። ለፈረንጅ እቁብ ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ደረሰኝ የለው፣ ማህተም የለው። እቁብሽ የሚወጣልሽ ከሆነ ፕሪ አፕሩቫል (የአበዳሪውን የቅድሚያ ፈቃድ) ከመጠየቅሽ ሦስት ወር በፊት ባንክ ገብቶ ይደር።

ሁለተኛው የኮንዶው ሰነድ ነው። ሁለት መቶ ምናምን ገጽ። ሜሪላንድ ውስጥ ነባር ኮንዶ የሚገዛ ሰው ሰነዱ ከደረሰው በኋላ ውሉን የሚያፈርስበት 7 ቀን አለው። ማን አንብቦ ይጨርሰዋል? ወንድሜ ለቻት ጂፒቲ ሰጠው። እውነት ለመናገር ጠቀመን፤ ለጣሪያ ጥገና ነዋሪው ተጨማሪ እንደሚከፍል ከስብሰባ ቃለ ጉባኤ ውስጥ አወጣልን። ግን ገንዘቡን አሳስቶ ነገረን፤ የጠቅላላውን ሕንፃ ድርሻ የእሱ አድርጎት አረፈው። ገጹን ከፍተን በዓይናችን ባናይ ኖሮ ውሉን አፍርሰን እንሄድ ነበር። የት ገጽ ላይ እንዳለ ይጠቁምሽ፣ ማንበቡን አንቺ አንብቢው።

ሦስተኛው፣ አሁንም ሳስበው ሆዴን የሚረብሸኝ። ክሎዚንግ ሁለት ቀን ሲቀረው ወንድሜ ኢሜይል ደረሰው። ከታይትል ካምፓኒው (የስም ዝውውሩንና ክፍያውን ከሚያስፈጽመው ድርጅት) ነው፣ ስሙ ትክክል፣ የፋይል ቁጥሩ ትክክል፣ የቤቱ አድራሻ ትክክል። «የባንክ ሂሳባችን ተቀይሯል፣ ዳውን ፔይመንቱን ወደዚህ ዋየር አድርግ» ይላል። እሱ ባንክ ለመሄድ መኪና አስነስቷል። እኔ መጀመሪያ ቀን ቢሮ ሄደን የተቀበልነውን ካርድ አውጥቼ ደወልኩ። ሴትየዋ «ምንም አልቀየርንም» አለች። አንዱ ኢሜይል ውስጥ ሌባ ተቀምጦ ሳምንታት ሲያነበን ከርሟል። የስምንት ዓመት ቁጠባ ነበር። ዋየር አንዴ ከሄደ ለመመለስ ያለሽ ሰዓታት ብቻ ነው፤ ወዲያው ለባንክሽና ለኤፍቢአይ ካላመለከትሽ አለቀ። ስለዚህ በኢሜይል በመጣ ስልክ ቁጥር አትደውዪ፤ በእጅሽ በተቀበልሽው ቁጥር ደውለሽ የሂሳቡን ቁጥር አንድ በአንድ ይንገሩሽ።

ስለ ፊርማው አትጨነቂ። ቨርጂኒያ በ2012 በቪዲዮ ውል ማዋዋል ስትጀምር ከአሜሪካ የመጀመሪያዋ ነበረች፣ ሜሪላንድም በ2020 ተከትላለች። አበዳሪሽ ከተስማማ ቤትሽ ሆነሽ ትጨርሺያለሽ። ወንድሜ ግን ሄዶ ፈረመ፤ ቁልፉን ሲቀበል እናታችን እልል እንድትል ፈልጎ ነው።

ጥያቄሽ ላይ የጠቀስሽው ያ ባለ ቤዝመንት ቤት ቅዳሜ ኦፕን ሃውስ እንዳለው አይቻለሁ። ከሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ፣ ቅርብ ነው። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ባትሪውን እኔ ይዤ እመጣለሁ።