አሮጌ ብስክሌት ገዝቶና አድሶ ስለ መሸጥ፦ ከባሕር ዳር ለቀረበው ጥያቄ መልስ

ጠያቂያችን፣ በባሕር ዳር እንደሚኖሩ፣ ከመደበኛ ሥራዎ ጎን ለጎን አሮጌ ብስክሌቶችን እየገዙና እያደሱ ለመሸጥ እንዳሰቡ፣ ለመጀመሪያም ባለ 28 ጎማና ባለ ዘንግ ፍሬን (በሽቦ ፈንታ በብረት ዘንግ የሚሳብ) የሆነ አሮጌ ፊኒክስ ብስክሌት በ6,000 ብር እንደቀረበልዎ ገልጸው፣ ሥራው ያዋጣ እንደሆነና ብስክሌቱን አዲስ ቀለም ቀብቶ መሸጥ ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም በዚሁ ከተማ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቅዳሜና እሑድ ይህንኑ ስሠራ ቆይቻለሁ፤ እስካሁን ከሰባ የማያንሱ ብስክሌቶች በእጄ አልፈዋል። የማውቀውን በዝርዝር ልጽፍልዎ ወደድኩ።

ያዋጣል። ነገር ግን ትርፉ የሚወሰነው በሚሸጡበት ቀን ሳይሆን በሚገዙበት ቀን ነው። ለአዲስ ብስክሌት የጎደለ ዕቃ ገበያ ወጥቶ ይገዛል፤ ለአሮጌ ብስክሌት ግን የጎደለው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከሌላ አሮጌ ብስክሌት ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ዝገት የበላው የሚመስል ነገር ግን ዕቃው ያልጎደለ ብስክሌት፣ ከሚያብረቀርቅና የፍሬን ዘንጉ ወይም የሰንሰለት ሽፋኑ ከጠፋ ብስክሌት ይሻላል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ይህን ባለማወቄ በ3,000 ብር የገዛሁት አንድ ብስክሌት፣ የፊት ፍሬኑን ማገናኛ ዘንግ ስፈልግለት አሥራ አንድ ወር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቆይቷል።

የከተማችን መሬት ሜዳ በመሆኑ ብስክሌት እዚህ ከጥንት ጀምሮ የሥራ ሰው መጓጓዣ ነበር። ወደ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በፈረቃ ይመላለሱ የነበሩ ብዙ አባቶች ብስክሌታቸውን እስከ ዛሬ አልጣሉትም፤ በየጓዳውና በየመጋዘኑ፣ ከማዳበሪያ ከረጢትና ከአሮጌ በር ጀርባ ቆሞ ይገኛል። ከደላላ ይልቅ እነዚህን ቤቶች ማንኳኳት ይሻላል፤ ደላላው ከሚያስከፍለው ገንዘብ በላይ የብስክሌቱን ታሪክ ያጠፋዋል። ባለቤቱን ቁጭ ብለው ቢያነጋግሩ ብስክሌቱ ተጋጭቶ ያውቅ እንደሆነ፣ ማን እንደበየደው፣ ስንት ዓመት እንደቆመ ይነግሩዎታል። አንድ የሽምብጥ ሰፈር አዛውንት ብስክሌታቸውን ከሸጡልኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ ሠርተህ ስትጨርስ አንድ ጊዜ አምጥተህ አሳየኝ» አሉኝ። ወስጄ አሳየኋቸው፤ ደወሉን ሁለት ጊዜ ደውለው ምንም ሳይናገሩ መለሱልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከጎረቤቶቻቸው አራት ብስክሌት ገዝቻለሁ።

አሁን ወደ ምርመራው ልግባ፤ ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው ይህ ነው። ሊገዙ ሲሄዱ ትንሽ ማግኔት፣ ሦስት ሜትር ያህል ሲባጎና ማስመሪያ ይያዙ። በመጀመሪያ ከመሪው በታች፣ ሁለቱ ትልልቅ ቱቦዎች ከፊተኛው አጭር ቱቦ ጋር የሚጋጠሙበትን ሥፍራ ከሥር በኩል በጣትዎ ይዳስሱ። እዚያ ላይ እብጠት ወይም የቀለም ሽብሽብ ካለ ብስክሌቱ ከፊት ተጋጭቷል ማለት ነው። ቀጥሎ ሲባጎውን ከኋላ ጎማ ዘንግ ጆሮ አንዱ ላይ አስረው፣ በፊተኛው አጭር ቱቦ ዙሪያ አሳልፈው፣ በሌላኛው ጆሮ ላይ ወጥረው ይሰሩት፤ ከዚያም ከኮርቻው በታች ካለው ቱቦ እስከ ሲባጎው ያለውን ርቀት በግራና በቀኝ ይለኩ። ልዩነቱ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ከሆነ ይታለፋል፤ ከዚያ ከበለጠ ግን ፍሬሙ፣ ማለትም ከቱቦዎች የተሠራው የብስክሌቱ ዋና አካል፣ ተጣሟል፤ እንዲህ ያለው ብስክሌት እጅ ሲለቁት ወደ አንድ ጎን ይሄዳል።

ማግኔቱ የሚያገለግለው ቀለም የተቀባ ብስክሌት ሲቀርብልዎ ነው። በ2011 ዓ.ም. በሚያምር አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ብስክሌት ገዝቼ፣ ኩሽኔታዎቹን ብቻ ቀይሬ ለአንድ መምህር ሸጥኩለት። በሦስተኛው ሳምንት መምህሩ ብስክሌቱን በባጃጅ ጭኖ መጣ፤ የታችኛው ቱቦ ተሰንጥቆ ነበር። ቀለሙን ስፍቀው ስንጥቁ ቀድሞም የነበረ መሆኑን፣ የቀድሞው ሻጭ በስቱኮ ሞልቶ እንደሸፈነው አየሁ። ማግኔት ብረት ላይ አጥብቆ ሲይዝ ስቱኮ ላይ ግን ይላላል፤ በግማሽ ደቂቃ ማወቅ እችል ነበር። ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ መለስኩ። ያ ሰው በዚያ ብስክሌት ቁልቁለት በፍጥነት ሲወርድ ተሰብሮበት ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እስከ ዛሬ ሳስበው ያስጨንቀኛል፤ ፍሬሙ የተበየደ ወይም የተሰነጠቀ ብስክሌት ምንም ያህል ቢረክስ የማልገዛውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ጀማሪዎችን ሁሉ የሚያስተው የጎማ ልክ ነው። «28» ተብሎ የሚጠራው ጎማ አንድ ዓይነት አይደለም። በፊኒክስ፣ በሄሮና በመሰሎቻቸው ላይ ያለው 28 በ1 1/2 ሲሆን ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር 635 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዘመናዊ የከተማና የውድድር ብስክሌቶች ላይ ያለውና አንዳንዴ 28 ተብሎ የሚሸጠው ግን 622 ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ አይገባም። እንዲሁም አሮጌው የእንግሊዝ 26 በ1 3/8 ጎማ 590 ሲሆን የተራራ ብስክሌት 26 ጎማ 559 ነው። በጎማው ጎን ላይ «37-590» የሚል ዓይነት ጽሑፍ ይፈልጉ፤ ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ነው የሚታመነው። ጽሑፉ ከተፋቀ አሮጌውን ጎማ ይዘው ወደ ሱቅ ይሂዱ።

አልፎ አልፎ በእንግሊዝ አገር የኖቲንግሃም ሥራ የሆነ ራሌ የተባለ ባለ ሦስት ማርሽ ብስክሌት ያጋጥማል። ከኋላ ጎማ መሐል ያለው ወፍራም ሞዞ (ማርሹን የያዘው የጎማው እምብርት) ስተርሚ አርቸር የሚባለው ሲሆን፣ በቅርፊቱ ላይ የተሠራበት ዓመት ተቀርጾ ይገኛል፤ «68» የሚል ካለ ሞዞው በ1968 እ.ኤ.አ. ተሠርቷል። ሻጮች ብስክሌቱን ከጣሊያን ወረራ ዘመን እንደቀረ አድርገው ሲነግሩዎት ይህን ቁጥር ማየት ይበቃል። ማርሹ አልያዘም ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ራሌ ብዙውን ጊዜ የተበላሸ ሳይሆን ዘይት የጠማው ወይም ሽቦው የላላ ነው። በትንሿ ክዳን በኩል ቀጭን ዘይት ጥቂት ጠብታ ያድርጉለት እንጂ ግራሶ አይሙሉበት። ነገር ግን የራሌ የፔዳል ዘንግ ቤት የብሎን ጥርስ በአንድ ኢንች 26 ሲሆን የተለመደው 24 ስለሆነ፣ የራሱን ጽዋዎች (ብዮቹ የሚቀመጡባቸውን ክብ ብረቶች) በመዶሻ ካበላሿቸው ምትክ ማግኘት እጅግ ያስቸግራል።

ከሥራው ሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀው የፔዳል ክንዱን ከዘንጉ ጋር የያዘውን ሽብልቅ ማውጣት ነው። አብዛኛው ሰው ዳዶውን ፈትቶ ወዲያው በመዶሻ ይመታል፤ የሽብልቁ ጫፍ እንደ እንጉዳይ ይደፈጠጣል፣ የመዶሻው ኃይልም በኩሽኔታው ላይ ያርፋል። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ከዋዜማው ማታ በሽብልቁ ዙሪያ ቀጭን ዘይት አንጠባጥቤ አሳድረዋለሁ። በማግስቱ ዳዶውን ጫፉ ከሽብልቁ ጫፍ እኩል እስኪሆን ድረስ ብቻ እፈታዋለሁ፤ ጥርሱን የሚጠብቀው እርሱ ነው። ከዚያ ሽብልቁ ሊገባበት የሚችል ቀዳዳ ያለው ወፍራም የብረት ቱቦ ከፔዳል ክንዱ ሥር አቁሜ፣ ክብደቱ በሙሉ በወለሉ ላይ እንዲያርፍ አደርጋለሁ። ከዚህ በኋላ በከባድ መዶሻ አንድ ጊዜ፣ ያለ ማመንታት፣ ቀጥ አድርጎ መምታት ነው፤ አሥር ለስላሳ ምት የሚያበላሸውን አንድ ጽኑ ምት ያወጣዋል። ሲወጣ «ጧ» የሚል ደረቅ ድምፅ ይሰማል። አዲስ ሽብልቅ ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ ውፍረቱ 9 ሚሊ ሜትርም 9.5 ሚሊ ሜትርም የሆነ አለና።

ሲፈቱ ደግሞ የግራው ፔዳል ወደ ተቃራኒው እንደሚፈታ ያስታውሱ። የኩሽኔታ ብዮችን በጨርቅ ላይ ዘርግተው ይቁጠሩ፤ አንዱ ከተቦረቦረ ሁሉንም ይቀይሩ፤ አዲስና አሮጌ ብይ አይቀላቅሉ። በኋላ ጎማ ዘንግና በፔዳል ዘንግ ውስጥ የተለመደው የብይ ልክ ሩብ ኢንች ነው። ሰንሰለቱ ላይ የምግብ ዘይት፣ በተለይ የኑግ ዘይት፣ የሚያደርጉ አሉ፤ ዘይቱ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይሆንና አቧራውን ይሰበስባል። እንዲህ ያለውን ሰንሰለት በነጭ ጋዝ አሳድሮ ማጠብ ያስፈልጋል።

ስለ ቀለም ለጠየቁት፦ አይቀቡት። የፋብሪካው ቀለም ከግማሽ በላይ ካለ፣ በቧንቧዎቹ ላይ የተሳሉት የወርቅ መሥመሮች ከታዩ፣ የፊት አርማውም ካልወደቀ፣ እነዚህን የሚያጠፋ ሰው የብስክሌቱን ዋጋ በገዛ እጁ ይቀንሳል። ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ይጠቡት፤ ካደረቁት በኋላ በጣም ስስ የሆነ የተልባ ዘይት በጨርቅ ቀብተው ወዲያው በሌላ ደረቅ ጨርቅ ይወልውሉት፤ የደበዘዘው ቀለም ይመለሳል፣ ዝገቱም ይታገዳል። ኒኬል ወይም ክሮም በሆነው ክፍል ላይ ያለውን ዝገት በተጨማደደ የአልሙኒየም ወረቀትና በውኃ ያሹት፤ አልሙኒየሙ ከክሮሙ ስለሚለሰልስ አይቧጭረውም። በአሸዋ ወረቀት የሚፍቁትን ሳይ ከልቤ አዝናለሁ፤ ያ ገጽታ ዳግመኛ አይመለስምና። መቀባት ያለበት ቀለሙ ጨርሶ የረገፈው ብቻ ነው፤ ያንንም ሲሸጡ እንደተቀባ ይናገሩ።

የሒሳቡን ነገር ከራሴ ደብተር ልንገርዎ። በ2016 ዓ.ም. አንድ ሄሮ በ5,500 ብር ገዛሁ። ለሁለት ጎማና ካላማዳሪ 2,900፣ ለሰንሰለት፣ ለብይና ለግራሶ 850፣ ለፍሬን ጎማ 300፣ ለባጃጅ 150 ብር አወጣሁ፤ በድምሩ 9,700 መሆኑ ነው። የሸጥኩት 13,500 ነበር። የቀረኝ 3,800 ብር ለ14 ሰዓት ሥራ ሲካፈል በሰዓት 270 ብር ገደማ ይመጣል። ጎማዎቹ ጤነኛ ሆነው ቢሆን ኖሮ ትርፉ በእጥፍ ሊጠጋ ይችል ነበር፤ ስለዚህ ሲደራደሩ መጀመሪያ የጎማውን ዋጋ ከጠየቁት ላይ ይቀንሱ። ከሐምሌ እስከ ነሐሴ፣ ዝናቡ ሰዎችን ከብስክሌት ሲያወርድ ይግዙ፤ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ፣ መንገዱ ሲደርቅ ይሽጡ።

ያለ ውል ግን አንድም ብስክሌት አይግዙ። እኔ አንድ ጊዜ ያለ ምስክር በመግዛቴ፣ ብስክሌቱ የተሰረቀ ሆኖ ተገኝቶ ትክክለኛው ባለቤት ከኮርቻው ሥር የራሱን ምልክት አሳይቶ ወስዶታል፤ የከፈልኩት 4,000 ብርም በዚያው ቀረ። አሁን የሻጩን መታወቂያ ቅጂ እይዛለሁ፣ ሦስት ምስክር አስፈርማለሁ፣ ከፔዳሉ ዘንግ ቤት ሥር ወይም ከኮርቻው በታች የተቀረጸውን ቁጥር በውሉ ላይ እጽፋለሁ። ስሸጥም የቀየርኩትንና ያልቀየርኩትን በአንድ ገጽ ጽፌ ለገዢው እሰጣለሁ። ባለ ዘንግ ፍሬን ብስክሌት ቸርኬው ክሮም ከሆነ በዝናብ ጊዜ ቶሎ እንደማይቆም በዚያ ወረቀት ላይ ሁልጊዜ አሰፍራለሁ፤ ገዢው ሳያውቀው ቁልቁለት እንዳይወርድበት።

እርስዎ ወደ ተነገረዎት ፊኒክስ እንመለስ። 6,000 ብር የመጀመሪያ ጥሪ ከሆነ የሚደራደሩበት ቦታ አለው። ነገ ጧት በብርሃን ሄደው ሲባጎውንና ማግኔቱን ይሞክሩ፤ የፍሬን ዘንጎቹ ሁሉ መኖራቸውን፣ የሰንሰለት ሽፋኑ አለመጥፋቱን፣ የፊት ሹካው ከጎን ሲታይ ወደ ኋላ አለመታጠፉን ያረጋግጡ። ፍሬሙ ቀጥ ያለ፣ ዕቃውም ያልጎደለ ከሆነ እስከ 5,000 ብር ድረስ ይግዙት፤ ጎማዎቹ የተሰነጣጠቁ ከሆኑ ግን ከ3,500 አይለፉ። ከገዙ በኋላ ሽብልቁን ለማውጣት የሚያገለግለው ቀዳዳ ያለው ቱቦ ከሌለዎት እዚሁ ይጻፉልኝ፤ የእኔን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጥተው መዋስ ይችላሉ።