የተጠረጠረ ቦልት ወደ ሻጩ አይመለስም፦ ለወጣት የአውሮፕላን ቴክኒሻኖች

ሰሞኑን አንዲት የአውሮፕላን ጥገና ተማሪ ጥያቄ ላከችልኝ። «ጋሼ፣ የመጣልን መለዋወጫ ፎርጅድ መሆኑን ካወቅን ለሻጩ መልሰን ገንዘባችንን ብንወስድ ምን ችግር አለው?» ትላለች። ለእሷ በሁለት መስመር መልሼ ልተወው ነበር። አልቻልኩም። በዚሁ ጉዳይ ሲቆጨኝ የኖረ ነገር አለ። ስለዚህ ለሁላችሁም ልጻፈው።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ባሕረ ሰላጤው አካባቢ በአንድ የጥገና ድርጅት ውስጥ ዕቃ ተቀባይ ኢንስፔክተር ነበርኩ። የሥራ ቦታዬ ሃንጋር አይደለም፣ ስቶር በር ላይ ነው። የሚገባው ካርቶን ሁሉ በእኔ ጠረጴዛ ያልፋል። ከፍቼ አያለሁ፣ ከወረቀቱ ጋር አመሳክራለሁ፣ ደህና ከሆነ ታግ፣ ማለትም መለያ ካርድ፣ አስሬ ወደ መደርደሪያ አሳልፋለሁ። ብዙ ሰው ይሄን ሥራ ይንቀዋል። ሞተር የሚፈታው ልጅ ነው ጀግና የሚባለው።

የሐጅ ሰሞን ነበር። አውሮፕላኖቹ ዕረፍት የላቸውም። የዊል ሾፕ ልጆች ጎማ ሊቀይሩ ዊሎቹን ፈተው ቦልቶቹን በማግኔት ሲፈትሹ፣ ከቦልቶቹ አንዳንዶቹ ላይ ስንጥቅ አገኙ። የአውሮፕላን ዊል ሁለት ግማሽ ነው። ሁለቱን ግማሾች አጣብቀው የሚይዙት እነዚያ ቦልቶች ናቸው። የትልቅ አውሮፕላን ጎማ ውስጥ ያለው ግፊት የቤት መኪና ጎማ ስድስት እጥፍ ገደማ ነው። ቦልቶቹ ከለቀቁ ዊሉ ይፈነዳል፤ አጠገቡ ያለ ሰው አይተርፍም።

ስቶራችን ውስጥ ትርፍ ቦልት አልነበረም። ግዢ ክፍል ከአንድ ደላላ አገኘሁ አለ። ዋጋው ከለመድነው በግማሽ ያነሰ ነው። ሌሎቹ አቅራቢዎች ሁለት ሳምንት ጠብቁ ሲሉ፣ እሱ በማግስቱ አደረሰው። ሐሙስ ማታ ካርቶኑ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ የስሪላንካ ሰው ነበር፤ ዝምተኛ፣ ሥራውን የሚወድ። ካርቶኑን የከፈተው እሱ ነው። አንዱን ቦልት አንስቶ አሸተተው። ዝም ብሎ ወደ እኔ ዘረጋልኝ። እኔም አሸተትኩት። የመኪና ሞተር ዘይት ይሸታል። ከፋብሪካ የወጣ ቦልት እንዲህ አይሸትም። የራሱ የዝገት መከላከያ አለው፣ አስተሻሸጉም ሌላ ነው። ይሄኛው ግን ዘይት ተቀብቶ፣ ተራ ፕላስቲክ ውስጥ ገብቶ፣ አፉ በስቴፕለር ተመትቶ ነው የመጣው።

ማጉያ መነጽሬን አወጣሁ። የቦልቱ ራስ ላይ ፓርት ነምበሩና የአምራቹ ምልክት ታትመዋል። ፊደሎቹ ጠርዛቸው ስል መሆን ነበረበት። የእነዚህ ግን ደንዝዟል፤ ከዝገት የሚከላከለው የካድሚየም ቅብ ፊደሎቹ ውስጥ ገብቶ ሞልቷቸዋል። ቅቡ ከተለመደው ይወፍራል። ገለበጥኩት። ከራሱ በታች፣ ዋሸር በሚያርፍበት ክብ ገጽ ላይ፣ ከቅቡ ሥር ቀጭን ቀለበት ይታያል። ዋሸር የፋቀው ነው። አንድም ቀን ታስሮ በማያውቅ አዲስ ቦልት ላይ የዋሸር ጠባሳ ከየት ይመጣል? ሁለተኛውን አየሁ። ሦስተኛውን አየሁ። ያው ነው። አገልግሎት ጨርሶ የተጣለ ቦልት ታጥቦ፣ እንደገና ተቀብቶ፣ አዲስ ተብሎ ተሸጦልናል።

ወረቀቱ ግን ያምር ነበር። የበረራ ብቃት ማረጋገጫው ተሞልቷል፣ ተፈርሟል፣ ማኅተም አለው። ደጋግሜ ሳነበው ቆየሁ። በመጨረሻ ዓይኔ የፎርሙ ግርጌ ላይ አረፈ። እዚያ በትንንሽ ፊደል የእትሙ ቀን ታትሟል። ፊርማው ላይ ያለው ቀን ከዚያ ይቀድማል። ፈራሚው ገና ባልታተመ ፎርም ላይ ፈርሟል ማለት ነው።

የኦፕሬሽን ኃላፊው ራሱ ወርዶ መጣ። «ወረቀት አለው አይደለም እንዴ? ተሳፋሪው ኤርፖርት ወለል ላይ ተኝቷል!» አለ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ጭንቀቱ እውነት ነው። ወለል ላይ የተኙት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። አልፈርምም አልኩ። ጮኸ። አልፈረምኩም። በመጨረሻ ሌላ አየር መንገድ ቦልት አበደረን፤ አውሮፕላኑ በማግስቱ ጠዋት ተነሳ።

እስከዚህ ድረስ ደስ የሚል ታሪክ ነው። የሚቆጨኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ቦልቶቹን ቀይ ታግ አስሬ የታገደ ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ቆልፌባቸው ነበር። እንያዛቸው፣ ለአምራቹ እንጻፍ፣ ለሲቪል አቪዬሽን እናሳውቅ ብዬ ጻፍኩ። ግዢ ክፍል ሌላ ሐሳብ ነበረው። ከሻጩ ጋር አንጣላ፣ ስማችን አይነሳ፣ ገንዘባችንን ይመልስልን ይበቃል። ከላይም ያው ተባለ። ካርቶኑ ታሽጎ ወደ መጣበት ተላከ። ሻጩ ያለ አንዳች ጭቅጭቅ ገንዘቡን መለሰ።

እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ያ ጭቅጭቅ አለመኖሩ ነው። በሐቅ የሚነግድ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር። ምኑ ነው የተበላሸው፣ ፎቶ አሳዩኝ፣ እኔም ተታልዬ ከሆነ የሸጠልኝን ልያዘው ይል ነበር። ይሄ ሰው ምንም አልጠየቀም። ምን እንደሸጠ ያውቃል። ዕቃውም በእጁ ተመልሷል። ቀጥሎ ለማን ሸጠው? መነጽር ለሌለው፣ ለቸኮለ፣ ኃላፊው ለጮኸበት ለሌላ ኢንስፔክተር። የእኛ አውሮፕላን ዳነ፤ አደጋው ወደ ሌላ ሰው አውሮፕላን ተዛወረ። የሎት ቁጥሩን፣ ማለትም በአንድ ዙር የተሠሩ ዕቃዎች የሚጋሩትን ቁጥር፣ ደብተሬ ላይ ገልብጬ ነበር። ከዚያ በኋላ በሠራሁባቸው ስቶሮች ሁሉ ያንን የቦልት ዓይነት ባየሁ ቁጥር ቁጥሩን አመሳክር ነበር። አላገኘሁትም። አላገኘሁትም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም።

«ለአንድ ቦልት?» የሚል ካለ ፓርትኔር የተባለውን የኖርዌይ አየር መንገድ አደጋ ያንብብ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 1989 አንድ ኮንቬር 580 ከኦስሎ ተነስቶ ወደ ሃምቡርግ ይበር ነበር። የጫነው የአንድ የመርከብ ድርጅት ሠራተኞችን ነው፤ አዲስ መርከብ ስም ሲወጣለት ሊገኙ ነበር። ዴንማርክ አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። 55 ሰው ነበር፣ አንድም አልተረፈም። መጀመሪያ ቦምብ ነው የሚል ጥርጣሬ ነበር። የኖርዌይ መርማሪዎች ስብርባሪውን ከባሕር ሥር አውጥተው ሲገጣጥሙት የተገኘው ሌላ ነው። የጅራቱን ክንፍ ከአካሉ ጋር ከሚያያይዙት ቦልቶችና ቱቦዎቻቸው ውስጥ ደረጃውን ያልጠበቀ አለ። ጥንካሬያቸው ከሚፈለገው በታች ነው። እነሱ ሲላሉ ጅራቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በዚያ ላይ ጅራት ውስጥ ያለው ረዳት ሞተር በረራ ላይ እየሠራ ነበር፤ የሁለቱ ንዝረት ተደራረበ። ጅራቱ ተገነጠለ። ሶማሌ ተራ የተገዛ ፎርጅድ የፍሬን ሸራ ታክሲውን መንገድ ዳር ያቆመው ይሆናል፤ 22 ሺህ ጫማ ላይ የሚቆምበት መንገድ ዳር የለም።

ፎርጅድ ስል ደግሞ ጓዳ ውስጥ የተቀጠቀጠ ብረት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ያ ቀላሉ ነው። ከባዱ እውነተኛው ፓርት ነው፤ ፋብሪካው ራሱ የሠራው፣ ግን ታሪኩ የተቆረጠ። ሞተር ውስጥ የሚሽከረከረው የተርባይን ዲስክ የተወሰነ ዕድሜ አለው፣ የሚቆጠረውም በመነሳትና በማረፍ ነው። ከተወለደበት ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ በረራው ካልተመዘገበ፣ የቱንም ያህል ቢያበራ ዋጋ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1995 ዲሴምበር አንድ የአሜሪካን አየር መንገድ 757 ኮሎምቢያ ውስጥ ካሊ አጠገብ ተራራ ላይ ተከሰከሰ። 159 ሰው ሞተ። ሌቦች ወደ ተራራው ወጥተው የሞተርና የኮክፒት ዕቃ ፈትተው ወሰዱ። አየር መንገዱ የጠፉትን ዕቃዎች ከነሲሪያል ነምበራቸው 14 ገጽ ዘርዝሮ ማውጣት ግድ ሆነበት። ከአደጋ የተረፈ ፓርት ኦሪጅናል ነው፤ ያሳለፈውን ምት ግን በዓይን አታዩትም።

አሁን ስለ እናንተ ልናገር፣ አትቀየሙኝ። የዛሬ ወጣት ስክሪን ያምናል። ባርኮዱን ስካን ያደርጋል፣ አረንጓዴ ምልክት ሲመጣ ዕቃውን ሳይነካው ያሳልፋል። እጁን ዘይት እንዲነካው የማይፈልግ ቴክኒሻን አይቻለሁ። ቦሌ ማሰልጠኛ ሳለን አንድ አስተማሪ ነበሩን፤ ነፍሳቸውን ይማር። ቦልት እጃችን ላይ ያስቀምጡና እጃችንን ወደ ኋላ አድርገን መጠኑን ንገሩኝ ይሉናል። የተሳሳተ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ቦልት ሲለይ ይውላል። ያኔ እንናደድ ነበር። አንዱ ጓደኛችን ግን ከቦልቱ ጋር አብሮ ዋሸሩን ሳያይ መናገር ደርሶ ነበር። ኋላ ሥራውን ትቶ ቡና ነጋዴ ሆነ፤ ዛሬም ሳገኘው እጁ ላይ ያለውን ነገር ሁሉ ሲያሽከረክር አየዋለሁ።

ያም ሆኖ እናንተ ያላችሁን እኛ አልነበረንም። እ.ኤ.አ. በ2023 የለንደኑ ኤኦጂ ቴክኒክስ ጉድ የወጣው እንዴት እንደሆነ ተመልከቱ። ድርጅቱ ለሲኤፍኤም 56 ሞተር የሚሆኑ ፓርቶችን በሐሰት ሰርተፊኬት ይሸጥ ነበር። ያ ሞተር ቦይንግ 737 እና ኤርባስ ኤ320 ላይ የሚገጠም፣ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ያለ ሞተር ነው። የፖርቱጋሉ ታፕ አየር መንገድ ጥገና ክፍል ውስጥ አንድ ፓርት ከወረቀቱ ይልቅ ያረጀ መሰላቸው። ዝም አላሉም። ሰርተፊኬቱን ለአምራቹ ለሳፍራን ላኩ። ሳፍራንም ፊርማው የእኛ አይደለም አለ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከአየር መንገድ አየር መንገድ ተዛመተ፤ ከመቶ የሚበልጡ ሞተሮች ውስጥ ፓርቶቹ ገብተው ተገኙ። ያቺን የመጀመሪያዋን ፓርት መልሰው ገንዘባቸውን ቢወስዱ ኖሮ ሌሎቹ ሞተሮች እስከ መቼ ይበሩ ነበር?

ከወረቀቱ በፊት ዕቃውን እዩ እላችኋለሁ። ወረቀት ቀድማችሁ ካነበባችሁ ዓይናችሁ የተነገረውን ነው የሚያየው። በዚያች ሐሙስ ማታ ኃላፊውን ዝም ያሰኘው ግን የዋሸሩ ጠባሳ አልነበረም፤ የፎርሙ ቀን ነው። ጠባሳው ላይ ሊከራከረኝ ሞክሯል፤ ቀኑ ላይ የሚለው አልነበረውም። ስለዚህ ሁለቱንም። ዋጋና ፍጥነትንም ጨምሩ። ሌላው ሁለት ሳምንት ጠብቁ ያለውን ዕቃ አንዱ በግማሽ ዋጋ ነገ አመጣለሁ ካለ፣ ካርቶኑ ሳይከፈት ጥርጣሬያችሁ ይጀምር።

የሚጣለውንም እዩ። የእኛን ቦልት ወደ ገበያ የመለሰው አንድ ቦታ አንድ ሰው ሳይቆርጥ የጣለው ስለሆነ ነው። ዕድሜውን የጨረሰ ፓርት ላይ ቀይ ቀለም መቀባት አይበቃም፤ ቀለም ይታጠባል። ይቆረጥ፣ ይጨፍለቅ፣ ማንም መልሶ ሊያድሰው እስከማይችል ይበላሽ። ስትቆርጡም ቁሙና እዩ። ለቁራሌው ሰጥታችሁ አትሂዱ።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ። አትመልሺው። ታግ አድርጊና ቆልፊው፤ ከነካርቶኑ፣ ከነፕላስቲኩ፣ ከነወረቀቱ። ማሸጊያውም ማስረጃ ነው፣ እንዳይጣል። የአምራቹን ምልክት፣ ሲሪያልና ሎት ቁጥሩን፣ ጠባሳውን በቅርበት ፎቶ አንሺ። በራስሽ ስልክ ሳይሆን በድርጅቱ ካሜራ ይሁን፤ ፋይል ውስጥ ይግባ። ሰርተፊኬቱን ለሻጩ ሳይሆን ፈረመ ለተባለው ድርጅት ላኪና ይህ የናንተ ነው ወይ በይ። አድራሻውን ከሰርተፊኬቱ ላይ አትውሰጂ፣ ራስሽ ፈልጊ። ከዚያው ሻጭ ከዚህ በፊት የገባ ዕቃ ካለ መደርደሪያው ላይ ያለውን አግጂ፤ አውሮፕላን ላይ የተገጠመውን ለጥራት ክፍል አሳውቂ። አገር ቤት ከሆንሽ ጉዳዩ በጥራት ክፍላችሁ በኩል ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ይቅረብ።

አለቃ «መልሺው» ካለሽ በጽሑፍ ስጡኝ በይ። ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነገሩ ይቆማል፤ ስሙን ማስፈር የሚፈልግ የለም። ካልቆመ፣ ዕቃው የአሜሪካ ሰርተፊኬት ይዞ የመጣ ከሆነ፣ የአሜሪካው ፌደራል አቪዬሽን አስተዳደር (ኤፍኤኤ) ለተጠረጠሩ ፓርቶች ያዘጋጀው ፎርም አለ፤ ማንም ሊሞላው ይችላል። የሚጠይቀው ፓርት ነምበር፣ ሲሪያል ነምበር፣ ብዛት፣ የሻጩን ስምና አድራሻ፣ የተገኘበትን ቀንና ለምን እንደተጠረጠረ ነው። ስምሽ እንዲታወቅ ካልፈለግሽ በምስጢር ይያዝልኝ ማለት ትችያለሽ። እነዚያን ፎቶዎች አብረሽ ላኪ።