የሮም ታሪክ ጸሐፊዎች ለምን ይነቃቀፉ ነበር?

ጥያቄ፦ የጥንቷ ሮም ታሪክ ጸሐፊዎች አንዱ የሌላውን ሥራ አጥብቆ ይነቅፍ እንደነበር አንብቤአለሁ። መነሻው ምቀኝነት ነበር ወይስ እውነትን መሻት? ዛሬስ የትኛውን እንመን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም ነበሩበት፤ ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅሙን ግን ማስረጃን ከማስረጃ ጋር አስተያይተው የቀረቡት ነቀፋዎች ናቸው። ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ቲቶ ሊቪዩስ፣ ሮማውያን በስፔን ምድር አዲሲቱን ካርቴጅ በያዙ ጊዜ ስለማረኳቸው «ጊንጥ» የተባሉ የቀስት መወርወሪያ መሣሪያዎች ሲጽፍ፣ ግሪካዊው ታሪክ ጸሐፊ ሲሌኖስ 60 እንደሚላቸው፣ ሮማዊው ቫሌሪዩስ አንቲያስ ግን ትልልቆቹን 6,000፣ ትንንሾቹን 13,000 እንደሚያደርሳቸው ጎን ለጎን ካስቀመጠ በኋላ፣ ለውሸት ልክ የለውም ሲል በምሬት ይናገራል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ197 ዓመት ሮማውያን መቄዶንያውያንን በግሪክ ምድር በኪኖስኬፋላይ ድል ባደረጉበት ጦርነት የሞቱትን የመቄዶንያ ወታደሮችም አንቲያስ 40,000 ሲያደርስ፣ ሊቪዩስ የግሪካዊውን ታሪክ ጸሐፊ የፖሊቢዮስን 8,000 ተቀብሏል፤ የተቀበለውም ቁጥሩ ስላነሰ ሳይሆን ጸሐፊው የሚታመን ስለሆነ መሆኑን ይገልጻል። እንዲህ ያለውን ምክንያቱን የሚናገር ምርጫ ከየትኛውም ኃይለኛ ቃል አብልጬ አከብረዋለሁ።

ፖሊቢዮስ ራሱም ብርቱ ነቃፊ ነበር። ሮማዊው ፋቢዩስ ፒክቶርና የሮም ተቀናቃኝ ለነበረችው የሰሜን አፍሪካ ከተማ ለካርቴጅ ያደላው ፊሊኖስ ስለ መጀመሪያው የሮምና የካርቴጅ ጦርነት የጻፉትን ሲመረምር፣ ሆን ብለው ዋሹ አይልም፤ ፍቅር እንደያዘው ሰው የወገናቸው ጉድፍ አልታያቸውም ይላል። ሰው አገሩንና ወዳጆቹን መውደድ ቢገባውም፣ ታሪክ ሊጽፍ ሲነሣ ጠላቱን የሚያመሰግንበት፣ ወዳጁንም የሚወቅስበት ጊዜ እንዳለ ያስገነዝባል።

የሮማዊው የጦር አዛዥና ታሪክ ጸሐፊ የአሲኒዩስ ፖሊዮ ነቀፋ ግን እንደየቦታው ይለያያል። የቄሳር የጦር ማስታወሻዎች ጥንቃቄና እውነት ይጎድላቸዋል ማለቱ ክብደት አለው፤ ቄሳር በ49 ቅድመ ክርስቶስ የእርስ በርስ ጦርነቱን የጀመረበትን የሩቢኮንን ወንዝ ሲሻገር ፖሊዮ አብሮት ነበርና። ሊቪዩስን ግን የነቀፈው አነጋገሩ የትውልድ ከተማውን የፓዱዋን ጠረን ይዟል በማለት ነው፤ ይህ የሊቪዩስን ታሪክ እውነተኛነት ከቶ አይነካም።

ማንን እንመን ለሚለው፣ ጸሐፊው ለነገሩ ምን ያህል ቅርብ ነበር፣ ከማንስ ሰማ ብሎ መጠየቅ ይበጃል። ሊቪዩስ ሌላውን ሮማዊ ታሪክ ጸሐፊ ሊኪኒዩስ ማኬርን የጠረጠረው የራሱን ቤተሰብ ክብር ከፍ ስለሚያደርግ ነበር፤ ያንኑ ጥርጣሬ ወደ ነቃፊዎቹም ማዞር ተገቢ ነው። የአንቲያስ መጽሐፍ ጠፍቶ፣ የምናውቀው ሌሎች ከጠቀሱት ጥቂት ቁራጭ ብቻ ስለሆነ፣ በእርሱ ላይ የተሰጠውን ፍርድ የምናነበው የእርሱን መልስ ሳንሰማ ነው።