የጨው ውሃ ዓሣ ገንዳ፦ አልጌውን ማን ይቀልበዋል?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ጨው ውሃ ዓሣ ገንዳና ስለሚያስቸግረው አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚበቅል ተክል መሰል ነገር) ናቸው። ከዐረብ አገር ሲመለሱ ይዘውት የመጡ አሉ፤ ለካፌያቸው ያስገቡም አሉ። አሳጥሬ እያቀረብኩ ልመልስ።

ከኮምቦልቻ አንዲት እህት፦ ገንዳዬ ገና አንድ ወሩ ነው፣ አሸዋው ቡናማ አቧራ ለበሰ።

ዳያተም የሚባል ቡናማ፣ በጣም ጥቃቅን አልጌ ነው። ውሃው ውስጥ ያለውን ሲሊኬት (የሚመገበውን ማዕድን) ሲጨርስ በራሱ ይጠፋል። አብሽሪ።

ከደሴ አንድ ወንድም፦ ድንጋዩ ሁሉ ፀጉር በመሰለ አረንጓዴ አልጌ ተሸፍኗል። እፍቀዋለሁ፣ በሳምንቱ ይመለሳል። ናይትሬት ስለካ ዜሮ ነው። የሚገድል መድኃኒት ንገረኝ።

መድኃኒቱን ተወው። አልጌ ያለ ቀለብ አያድግም፤ ቀለቡ ናይትሬትና ፎስፌት ነው። መለኪያህ ዜሮ ያለው አልጌው ቀድሞ ስለበላው ነው። ዓሦቹን በቀን ሦስቴ እመግባለሁ፣ እንግዳ ሲመጣም ልጆቹ ይጨምራሉ ብለሃል። በቃ፣ ችግሩ እዚህ ጋ ነው! ያልተበላው ይበሰብሳል፣ የተበላውም ቆሻሻ ሆኖ ይወጣል፤ ሁለቱም አልጌውን ይቀልባሉ። በቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ብቻ ስጥ።

ቀጥሎ ውሃው። የቧንቧ ውሃ ፎስፌት፣ ናይትሬትና ሲሊኬት ሊኖረው ይችላል። ከገንዳው የሚተነው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው፤ ሌላው እዚያው ይቀራል። በጎደለው ላይ የቧንቧ ውሃ በሞላህ ቁጥር ማዳበሪያ እየጨመርክ ነው። በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃን በግፊት በስስ ማጣሪያ በሚያሳልፍ መሣሪያ) የተጣራ ውሃ ፈልግ። የገንዳውን መብራት በቀን ከ8 ሰዓት በላይ አታብራ። አልጌውን በእጅህ እየነቀልክ ከገንዳው አውጣ፤ ፍቀህ ውሃው ውስጥ ከተውከው በስብሶ መልሶ ቀለብ ይሆናል። ወር ሁለት ወር ይፈጃል። በመድኃኒት ብትገድለው ግን ቀለቡ ስላለ ሌላ አልጌ ይተካል። መዳብ ያለበት መድኃኒት ደግሞ ሽሪምፕህንና ኮራልህን (ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባሕር እንስሳ) ይጨርሳል።

ከሐይቅ ከተማ፦ ከሐይቁ ቀንድ አውጣ አምጥቼ አልጌውን ባስበላው?

የጨዋማ ውሃ ቀንድ አውጣ አይደለም፤ ይሞታል። የገንዳህንም ውሃ ወደ ሐይቁ እንዳትደፋ። ሐይቃችን መውጫ ወንዝ የለውም፣ የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ከደሴ፣ ካፌ ያላት እህት፦ ገንዳውን ሦስት ቀን በጨርቅ ብሸፍነው አልጌው ይሞታል አሉኝ።

ይዳከማል። ግን ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚይዘው ሩብ ያህል ያንሳል። አልጌው ሲበሰብስ ያንኑ ይሻማል፤ ዓሦቹ ታፍነው ሊያልቁ ይችላሉ። የአየር ፓምፑ ለደቂቃም አይጥፋ። መብራት ቢሄድስ? በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ሳትይዢ አትጀምሪው።

ከኮምቦልቻ ሌላ አንባቢ፦ ድንጋዩን አውጥቼ ብቀቅለውስ?

በፍጹም! ድንጋይህ ላይ ትንንሽ አበባ የሚመስሉ ዞአንቲድ የሚባሉ እንስሳት ካሉ፣ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ ብርቱ መርዝ አላቸው። ሲቀቀሉ በእንፋሎቱ ይወጣል። በሌላ አገር ድንጋይ ቀቅለው ቤተሰቡ ሆስፒታል የገባበት ጊዜ አለ። ማድረቂያም፣ የፈላ ውሃም አታስጠጋው። ቀቅለኸው ከሆነና ደረትህን ካፈነህ፣ ካሳለህ ወይም ካተኮሰህ፣ ሁላችሁም ከቤት ውጡ፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂዱ። ማርከሻ የለውም፣ ስለዚህ እስኪብስ አትጠብቁ። ሐኪሙ ስለ መርዙ ሰምቶ ላያውቅ ይችላል፤ ድንጋዩን መቀቀልህንና የመርዙን ስም ራስህ ንገረው።

ከወልድያ፦ የባሕር ጨው ድብልቁ ተወደደብኝ፤ የአፍዴራ ጨው አይሆንም?

አይሆንም። የገበያ ጨው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ገደማ ጨው ሲኖረው፣ ውስጡ ማግኒዚየም፣ ካልሲየምና ፖታሲየምም አለ። ዓሣውም ኮራሉም ያለ እነሱ አይኖርም። የትኛው ድብልቅ እንደሚሻል ዓሣ የሸጠልህን ሰው ጠይቅ።