ብረት ለምትገፉ የባሕር ዳር ልጆች

ልጆቼ፣

ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። ብዙ ዓመት የሰው ትከሻ፣ ወገብና ጉልበት ሳክም ኖሬያለሁ። አሁን አሁን የሚመጡልኝ ሰዎች ዕድሜ እየወረደ ነው። 20 ዓመት ያልሞላው ልጅ ክንዱን ወደ ላይ ማንሳት አቅቶት ይመጣል። ጂም እንደሚሠራ ይነግረኛል። ደረቱን በሳምንት ስንት ዙር እንደሚሠራ ስጠይቀው አያውቅም፤ ዙር የምለው እስኪያርፍ ድረስ በተከታታይ ደጋግሞ የሚገፋውን ነው። ባለፈው ወር ስንት ኪሎ ይገፋ እንደነበርም አያውቅም። የሚያስታውሰው ድካሙን ብቻ ነው።

ይህን የምጽፍላችሁ ትጋታችሁ ስለሚያሳዝነኝ ነው። ያን ያህል ላብ ከንቱ መቅረት የለበትም።

ጡንቻ የሚያድገው ከለመደው በላይ ሥራ ሲሰጠው ነው። ቶማስ ዴሎርም የሚባል አሜሪካዊ ወታደራዊ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይህን በጉዳተኛ ወታደሮች ላይ አይቶታል። ቀላል ነገር መቶ ጊዜ ከማስነሳት ይልቅ ከበድ ያለ ሰጣቸው፤ ክብደቱንም ቀስ በቀስ ጨመረላቸው። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1945 አሳተመ። የተጎዳ ጉልበት ዛሬም የምናጠነክረው በዚያው መንገድ ነው።

እናንተ መጨመር የምትችሉት በዋናነት ሁለት ነገር ነው፤ ክብደቱንና የዙሩን ብዛት። ሁለቱም ያሳድጋሉ። ለአንድ የሰውነት ክፍል በሳምንት 10 ዙርና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው፣ ከዚያ በታች ከሚሠራው በአማካይ የተሻለ ጡንቻ ያወጣል። ዙሩ በበዛ ቁጥር ግን የእያንዳንዱ ተጨማሪ ዙር ጥቅም እያነሰ ይሄዳል፤ ድካሙ ግን አይቀንስም። ለጀማሪ ከ6 እስከ 10 ዙር ይበቃዋል። በአንድ ቀን ጨርሱት አልልም፤ ለሁለት ቀን ከፍሉት።

አጥብቄ የምለምናችሁ፣ ሁለቱን አንድ ላይ አትጨምሩ። ቤንች ላይ በጀርባህ ተኝተህ 40 ኪሎ በ3 ዙር፣ በየዙሩ 8 ጊዜ ትገፋለህ እንበል። ክብደቱንም የዙሩን ብዛትም ሳትነካ፣ በሦስቱም ዙር 12 ጊዜ እስክትገፋ ድረስ ሥራ። ከዚያ 42.5 አድርገው። ቁጥሩ ወደ 9 ወይም 8 ይወርዳል፤ እንደገና ታሳድገዋለህ። በደንብ እየበላህና እየተኛህ ሁለት ሦስት ሳምንት ከቆመብህ፣ ያኔ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ዙር ጨምር። ዙር ጨምረህ ጉልበትህ ከወረደ ደግሞ በዝቶብሃል ማለት ነው፤ አንድ ሳምንት በግማሽ ቀንሰው። ሁለቱን ባንድ ጊዜ የጨመረ ልጅ ትከሻው ሲያመው የቱ እንደጎዳው አያውቅም። እኔም ልነግረው አልችልም። ደብተር ያዙ፤ ስልካችሁ ላይም ቢሆን ጻፉት።

እያንዳንዱ ዙር የሚያልቀው ከ1 እስከ 3 ጊዜ የመግፋት አቅም ሲቀራችሁ ይሁን። በወገብ እየተወረወረ የወጣ ብረት አይቆጠርም።

በየሰፈሩ ቆርቆሮ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልታችሁ የሠራችሁትን ብረት አልንቅም። ጡንቻ የብረቱን ዋጋ አያይም። ግን እህል ቤት ወስዳችሁ አስመዝኑት። ሁለቱ ጫፎች እኩል ካልሆኑ አንዱ ትከሻ ሁልጊዜ ይበደላል። ትንንሽ ኪሎ የሚጨመርበት ከሌለ ድግግሞሹን እስከ 20፣ እስከ 30 ድረስ ማሳደግ ትችላላችሁ። ዙሩ መጨረሻ ላይ በእውነት እስከከበዳችሁ ድረስ ያሳድጋል።

ቀን ሙሉ ብሎኬት ሲያወጣ የዋለ ልጅ ጀርባውና እግሩ ሠርተዋል። ማታ ኳስ የሚጫወትም እንዲሁ። ይህን ከዙራችሁ ቀንሱ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ደግሞ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፤ በጠዋት ሥሩ፣ ውኃ ጠጡ።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም፤ የፕሮቲን ዱቄት ግዙ ብዬም አላስጨንቃችሁም። በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታችሁ 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይበቃል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 96 ግራም ገደማ ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል አለው፤ የጣና ቆሮሶም ጥሩ ምንጭ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባታችሁ ትቼዋለሁ። በጾም ሽሮው ወፈር ይበል፤ ምስር፣ ባቄላ፣ የሽንብራ ቆሎና ኦቾሎኒ ይጨመርበት።

በሁዳዴ ሰውነታችን ጠፋ ብላችሁ አትደንግጡ። ያላችሁን ጡንቻ ለማቆየት የሚያስፈልገው ሥራ፣ አዲስ ለማውጣት ከሚያስፈልገው በጣም ያነሰ ነው። ኪሎውን እንዳለ ያዙት፤ ዙሩን ብቻ ቀንሱ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያላችሁ መልሱት እንጂ በማግስቱ አትሩጡበት። ከበዓል በኋላ ባለው ሳምንት ወገቡን ይዞ የሚመጣልኝ ልጅ ብዙ ነው።