ባለመስኮቱን ቺፕ ሳያስነብቡ ካርዱን አይጣሉ

ጥያቄው ከአዳማ ነው፤ ጠያቂው የማተሚያ ቤት ባለቤት ናቸው። አሮጌው የወረቀት መቁረጫ ማሽን ጠዋት ሲበራ ዝብርቅርቅ ያለ ቁጥር ያሳያል፤ ሲሞቅ አንዳንዴ ይነሳል። የማሽኑ ኤሌክትሮኒክ ካርድ ላይ ዜድ 80 የተባለ ፕሮሰሰር እና ስቲከሩ የተላጠ፣ የመስታወት መስኮት ያለው ቺፕ አለ። «አንድ ባለሙያ ካርዱ ሞቷል፣ ጣለው አለኝ። ምን ይሻላል?»

ኧረ አይጣሉት! መጀመሪያ ግን ማሽኑን ከኤሌክትሪክ ይንቀሉ። ፕሮግራሙ የተዛባ መቁረጫ ቢላውን መቼ እንደሚያወርድ አይታወቅም።

ሲሞቅ የሚነሳ ከሆነ ፓወር ሰፕላዩን እጠረጥራለሁ። የሞተሩን መስመር አላቅቀው ካርዱን ብቻ ያብሩ። በዜድ 80ው 11ኛና 29ኛ እግር መካከል ያለውን ቮልት በቴስተር ይለኩ። ከ4.75 ቮልት በታች ከሆነ የፓወር ሰፕላዩን ካፓሲተሮች ያስቀይሩ።

ዜድ 80 ራሱ አያሳስብም። ዛይሎግ ከ1976 እስከ 2024 (እ.ኤ.አ.) ሲያመርተው ስለኖረ ገበያ ላይ አይጠፋም። ምትክ የሌለው ባለመስኮቱ ነው፤ የማሽኑ ፕሮግራም ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ኢፒሮም ይባላል። በ1971 ኢንቴል ውስጥ የፈለሰፈው ዶቭ ፍሮማን ነው። የኮምፒውተር ታሪክ ሲወራ ስሙን የሚያነሳው ጥቂት ሰው ነው። ሰውየው ከዚያ በኋላ ጋና፣ ኩማሲ ሄዶ ኤሌክትሪካል ምህንድስና አስተምሯል።

ኢፒሮም መረጃውን የሚይዘው ዙሪያው በታሸገ ጥቂት የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው። ቻርጁ በዕድሜ ይሸሻል፤ ብርሃን ሲያገኘው ደግሞ ይፈጥናል። መስኮቱ ቀጥታ ፀሐይ ላይ አንድ ሳምንት ያህል ከቆየ ፕሮግራሙ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ዛሬውኑ በጥቁር ፕላስተር ይሸፍኑት።

ከዚያ ፕሮግራመር፣ ማለትም ቺፕ የሚያነብና የሚጽፍ መሣሪያ፣ ያለው ሰው ጋ ይውሰዱት። ከሶኬቱ ከመንቀልዎ በፊት አፉ (ጫፉ ላይ ያለችው ግማሽ ክብ ምልክት) ወዴት እንደሚያይ በስልክ ፎቶ ያንሱ። በቀጭን ካቻቪቴ ከሁለቱም ጫፍ በየተራ ቀስ እያሉ ያንሱት፤ እግሩ በቀላሉ ይሰበራል። ሦስት ጊዜ ይነበብና ይመሳከር። ንባቦቹ ከተለያዩ ቮልቴጁ ከ5 ወደ 4.5 ዝቅ ይበል። ቻርጁ የደከመበት ቦታ ብዙ ጊዜ ያኔ በትክክል ይነበባል።

የተነበበው ፕሮግራም አዲስ ቺፕ ላይ ሲጻፍ የቺፑን ቁጥር ልብ ይበሉ። የኢንቴል 2732 በ25 ቮልት ይጻፋል፣ 2732ኤ ግን በ21። ለ«ኤ»ው 25 ከሰጡት አለቀለት። ብዙ ርካሽ ፕሮግራመሮች ደግሞ 25 ቮልት አያወጡም፤ አስቀድመው ይጠይቁ።

የተላጠውን ስቲከርም አይጣሉት። የፕሮግራሙ ቨርዥን ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እሱ ላይ ነው። ቺፑ ጨርሶ ካልተነበበ ተመሳሳይ ማሽን ካላቸው ሰዎች ቅጂ የሚፈልጉት በዚያ ቁጥር ነው።